ከእንዶድ እስከ ዛሬ፦ ተመራማሪ ማሠልጠን ብቻውን ለምን አልበቃንም?

በዛሬው ዝግጅታችን ወደ ኋላ መለስ ብለን በኢትዮጵያ የሕክምና ምርምር እንዴት እንደተጀመረ፣ ማን እንደደገፈው፣ የት ላይም እንደተደናቀፈ እናያለን። ታሪኩን የምናነሣው ዛሬ ደጃችን ላይ የቆመ ጉዳይ ስላለ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በሜይ 2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም፣ በተለምዶ ኤን.አይ.ኤች. የምንለው፣ አንድ ውሳኔ አሳወቀ። ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጠው የምርምር ገንዘብ ውስጥ በእነሱ በኩል ወደ ውጭ አገር አጋሮች ይተላለፍ የነበረውን ድርሻ፣ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ አልሰጥም አለ። በጁላይ መጀመሪያ ደግሞ ዩ.ኤስ.ኤይድ ራሱን ችሎ የቆመ ድርጅት መሆኑ አበቃ። ይህ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ላለ ተመራማሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የዶክትሬት ተማሪው አበል፣ የላቦራቶሪው ኬሚካል፣ ናሙና የሚሰበስበው ባለሙያ ደመወዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ ምንጭ የሚመጣ ነው።

ብዙዎቻችን ዜናውን ስንሰማ አሜሪካንን ወቀስን። ወቀሳው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለራሳችን ልናቀርበው የሚገባ ጥያቄም አለ። ከ70 ዓመት በላይ የውጭ ሥልጠናና ድጋፍ ከተቀበልን በኋላ፣ ሌላ አገር በተላለፈ አንድ ውሳኔ ቤተ ሙከራችን የሚናጋው ለምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ ወደ አድዋ እንሂድ።

የወንዝ ዳሩ ግኝት

ጊዜው 1964 ነው። በዚያን ዘመን የነበረው የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ በ1954 ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ከጀመረ ገና 10 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመውም በዚያው በ1964 ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑ ወጣት ሳይንቲስት ነበሩ። ወደ አድዋ የወሰዳቸው ጉዳይ ቢልሃርዚያ ነው። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈልና ወደ ቀንድ አውጣ ሆድ ይገባል። እዚያ ተራብቶ በሺዎች ሆኖ ይወጣና ወንዝ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ደሙ ውስጥ ይዘልቃል። ውሃ የምትቀዳ እናት፣ ዋና የሚዋኝ ልጅ፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ ለበሽታው የተጋለጠ ነው። ጉበትን እየጎዳ፣ ጉልበትን እየበላ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በሽታውን ለመግታት አንዱ መንገድ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው።

አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ይታያሉ፤ ሌላ ቦታ ግን እንዲያ አይደለም። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እንዶድ እናቶቻችንና አያቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት የኖሩት፣ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ የሚሰጥ ቁጥቋጦ ነው። ሳይንቲስቱ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከሩት። ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ጆንስ ሆፕኪንስ ለአክሊሉ ለማ የሰጣቸው ትልቅ ነገር አለ፤ የትሉን ሕይወት፣ የቀንድ አውጣውን ሚና፣ አንድን ግምት በሙከራ የማረጋገጥን ዘዴ አስተምሯቸዋል። እንዶድን ግን አላስተማራቸውም። እንዶድን የሚያውቁት የአድዋ ሴቶች ናቸው። ግኝቱ የተወለደው ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ወንዝ ዳር ሲገናኙ ነው። ያ ሰው ባልቲሞር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ያንን ወንዝ ማን ያይለት ነበር?

የመጀመሪያው ዘገባ የወጣው በአገር ውስጥ፣ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በ1965 ነው። በቀጣዩ ዓመት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው ማለት ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ስሙም በግኝቱ ባለቤት ለማቶክሲን ተባለ። የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ የሚበቅሉትን የእንዶድ ዓይነቶች ሰብስበው፣ እያበቀሉና እያነጻጸሩ ብርቱውን ለዩ። በቁጥር 44 የሚታወቀው ዓይነት ከሁሉም ተመረጠ።

ከ1969 እስከ 1974 ለ5 ዓመታት አድዋ ላይ ሰፊ ሙከራ ተካሄደ። ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። በሽታው በጠቅላላው ሕዝብ ላይ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሕፃናቱ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። አዋቂው ትሉን ለዓመታት በደሙ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሕፃኑ ግን አዲስ የሚያዝ ነው። የሕፃናቱ መጠን ወረደ ማለት መተላለፉ ተገታ ማለት ነው።

ማስረጃው ለምን ተቀባይነት አጣ?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ እንዶድ በመላ አፍሪካ ሥራ ላይ ይውላል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት የደኅንነት ማስረጃው አልተሟላም አለ። የመርዛማነት ምርመራው ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ አሠራር ደንብን በሚያሟላ ተቋም መካሄድ አለበት ተባለ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕውቅና ያለው ላቦራቶሪ ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም። ምርመራውን በውጭ አገር ለማስደረግ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘብ ሰጪው የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ ማየት ይፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ምርመራውን ማየት ይፈልጋል። በዚህ አዙሪት ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ከረዱት አንዱ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነበር።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ወገን እናንሣ። ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመሩ ትክክል ነው። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። በተጨማሪም በ1980ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በስፋት ሲመጣ የዓለም ትኩረት ቀንድ አውጣን ከማጥፋት ወደ ክኒን ማደል ዞረ። ክኒኑ ያድናል፤ ነገር ግን ልጁ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ በድጋሚ ይያዛል።

አክሊሉ ለማ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ የተከራከሩት ነጥብ ግን ይህ ነበር፦ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራ ሥራ በሥራው ጥራት ከመመዘኑ በፊት በተሠራበት ቦታ ይገመታል። ክርክራቸውን ያጠነከረላቸው አንድ አጋጣሚ በ1990 ተፈጠረ። በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ጋበዛቸው። በዚያን ወቅት የአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆችን ዜብራ መስል የተባለ የዛጎል ፍጥረት ወሯቸው፣ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቱቦ እየደፈነ ነበር። እንዶድ ተሞከረበት፤ ገደለው። ዩኒቨርሲቲውም ለፓተንት አመለከተ፤ ቆይቶም ባለቤትነቱን አገኘ።

ልብ በሉ ወገኖቼ! የአድዋ ሕፃናትን ከበሽታ ለማዳን ዓመታት ደጅ ሲጠና የኖረው እንዶድ፣ የአሜሪካን ቱቦ ለማጽዳት ሲፈለግ በአጭር ጊዜ ፈላጊ አገኘ። እውነት ነው፣ በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙዎች አማራጩ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ አግኝተዋል። ሽልማቱ የመጣው ግን ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ ነው። አክሊሉ ለማ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ አገር ውስጥ አልነበሩም፤ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዩ ልዩ ኃላፊነቶች ሠርተው፣ በጣሊያን ፍሎረንስ የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆነው አገልግለዋል። በ1997 በስደት እንዳሉ አረፉ።

በትእዛዝ የተዘጋው፣ ተረክበን ያኖርነው

ከእንዶድ ታሪክ ጎን ለጎን ሁለት ሌሎች ቤቶችን እንመልከት። ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ በውጭ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ፍጻሜያቸው ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የአሜሪካ የባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ነው፤ ናምሩ 5 ይባል ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሐሩር በሽታዎች ላይ ይሠራ ነበር። በኤፕሪል 1977 ደርግ ከአሜሪካ ጋር ሲቆራረጥ ቃኘው ጣቢያን፣ የወታደራዊ አማካሪ ቡድኑን፣ የማስታወቂያ አገልግሎቱንና አስመራ የነበረውን ቆንስላ ሲዘጋ ይህንንም አብሮ ዘጋው። ያን ጊዜ ያባረርነው እኛ ነን። በ2025 ደግሞ ገንዘቡን የያዙት እነሱ ናቸው። ትእዛዙ ከየትም ይምጣ፣ ባለቤትነቱ የሌላ የሆነ ቤተ ሙከራ ባለቤቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ስም የተሰየመው ይህ ተቋም፣ በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ተመሠረተ። አጠገቡ ከ1965 ጀምሮ የአፍሪካ ባለሙያዎችን በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚያሠለጥነው አለርት አለ። ሕሙማኑ፣ ሐኪሞቹና ቤተ ሙከራው በአንድ ቅጥር አካባቢ መገናኘታቸው ትልቅ ሀብት ነበር። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ባክቴሪያው ዳፕሶን የተባለውን ብቸኛ መደበኛ መድኃኒት እየተላመደ መሆኑን ለዓለም ካሳዩት ጥናቶች መካከል ናቸው። በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የሥጋ ደዌ በአንድ መድኃኒት ብቻ እንዳይታከም፣ በጣምራ መድኃኒት እንዲታከም ወሰነ። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕሙማን ተፈውሰዋል።

ሥልጠና ሲባል ሁልጊዜ እኛ ተማሪ፣ ሌላው አስተማሪ የሚመስለን ካለን ይህን እንወቅ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን ኢንስቲትዩት የመሩት ኖርዌጂያዊው ቶሬ ጎዳል፣ ኋላ በዓለም ጤና ድርጅት ውስጥ የሐሩር በሽታዎች የምርምርና ሥልጠና ፕሮግራምን መሩ፤ ለድሆች አገሮች ሕፃናት ክትባት የሚያቀርበው ጋቪ ሲቋቋምም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። አዲስ አበባም ለዓለም አሠልጥናለች።

ይህ ኢንስቲትዩት አብዮቱንም፣ የመንግሥት ለውጡንም አልፎ እስከ ዛሬ አለ። በ2004 የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተረከበው። ዛሬ ከሥጋ ደዌ አልፎ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባና በሌሎችም ላይ ይሠራል። ከናምሩ 5 የሚለየው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ለጋሾቹ በሂደት ኢትዮጵያውያንን ተክተው፣ መንግሥትም ተረክቦ በጀት መድቦ የራሱ አደረገው።

ሰው እንዳይቀር ተደርጎ የተቀመረ ሥልጠና

የስዊድኖችን መንገድም ማንሣት ይገባል። የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት ሳሬክ ከ1979 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ደግፏል። የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1978 ነበር። ስዊድኖቹ የተከተሉት አሠራር ሳንድዊች ይባላል። ተማሪው ወደ ስዊድን ሄዶ ይማራል፤ ጥናቱን ለመሥራት ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ለመጻፍ እንደገና ይሄዳል፤ ሲጨርስ ሥራውም ቤተሰቡም የሚጠብቁት አገር ቤት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ውጭ ተቀምጦ ሥር ከሚሰድ ተማሪ ይልቅ የዚህኛው የመመለስ ዕድል የሰፋ መሆኑን እዚህ ሆናችሁ የምትሰሙኝ ሁሉ ከራሳችሁ ሕይወት ትመሰክራላችሁ።

ከዚህ ትብብር የተወለደው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ነው። በ1986 ዶክተር ደስታ ሻመቦ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ10 ቀበሌዎች ሕዝቡን ቆጥረው፣ የሚወለደውን፣ የሚሞተውን፣ የሚገባና የሚወጣውን እየመዘገቡ መከታተል ጀመሩ። ነገሩ ቀላል መዝገብ ይመስላል። ነገር ግን ልደትና ሞት በማይመዘገብበት አገር፣ ስንት ሕፃን በምን እንደሚሞት የሚያውቅ መዝገብ ከብዙ ውድ ማሽን ይበልጣል። ከሕፃናት ሞት እስከ አእምሮ ሕመም ድረስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለዶክትሬት የበቁት በቡታጅራ ገበሬዎች ደጅ ተመላልሰው ነው።

በራሳችን እጅ ያጠፋነው

ሁሉንም ጥፋት በውጭ ሰው ላይ ማላከክ ግን ውሸት ይሆናል። በ1993 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን በአንድ ጊዜ መባረራቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከመካከላቸው አንዱ በኤድንብራ የሠለጠኑት፣ የሕክምና ፋኩልቲውን በዲንነት የመሩት፣ ስንትና ስንት ቀዶ ሐኪም ያፈሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። በኋላ ታሰሩ፤ ታመው ከተፈቱ በኋላም በ1999 ፊላደልፊያ ላይ አረፉ። ፖለቲካውን እያንዳንዳችን እንደየአመለካከታችን ልንፈርደው እንችላለን። አንድ ነገር ግን አያከራክርም። አንድ የሕክምና መምህር ለማፍራት 20 ዓመት ይፈጃል፤ ለማባረር አንድ ደብዳቤ ይበቃል። ከሱ ጋር የሚሄደው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሊያስተምራቸው የነበሩት ሁሉ አብረው ይሄዳሉ።

ከዚያ በኋላም ፕሮግራሞች መጡ፤ ሄዱ። በ2010 የአሜሪካ መንግሥት ለአፍሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የመደበበት ሜፒ የተሰኘ የ5 ዓመት ፕሮግራም ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከተመረጡት አንዱ ነበር። ጥሩ ነበር። ግን 5 ዓመቱ አለቀ። ለጋሽ ሁሉ የጊዜ ገደብ አለው፤ በሽታ ግን የለውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አባቶች «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። ይህን ተረት ስንጠቅስ የውጭ ዕውቀት አያስፈልገንም ለማለት አይደለም። አክሊሉ ለማ ያለ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ለማቶክሲን ያለ ስታንፎርድ፣ ቡታጅራም ያለ ኡሜዎ አይታሰቡም። ተረቱ የሚነግረን በሬው የራሳችን ይሁን ነው። ከታሪኩ የምንማረው፣ ሠልጣኝ መላክ ሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። የሠለጠነው ሰው የሚመለስበት ላቦራቶሪ፣ ለላቦራቶሪው የማይቋረጥ በጀት፣ ውጤቱን ዓለም እንዲቀበለው የሚያደርግ የጥራት ዕውቅና፣ ከዚያም በላይ በአስተያየቱ የማይባረርበት ዩኒቨርሲቲ ያስፈልገዋል። እንዶድ የተደናቀፈው በሦስተኛው ነው። ሌሎቹ ጥናቶቻችን ደግሞ በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ተደናቅፈዋል።

አገር ቤት በኃላፊነት ላላችሁ፣ የመንግሥትን በጀት ስትደለድሉ የምርምሩን ድርሻ ለጋሽ ይሞላዋል ብላችሁ ባዶ አትተዉት። ትንሽም ቢሆን የራስ ገንዘብ ናሙናውን ከመበላሸት፣ መዝገቡን ከመቋረጥ ያድናል።

በዳያስፖራ ላለነው ደግሞ፣ በሆስፒታሉም በዩኒቨርሲቲውም በመድኃኒት ኩባንያውም ውስጥ ያለው የእኛ ሰው ቁጥር ትንሽ አይደለም። ሁላችንም ጓዛችንን ጠቅልለን እንግባ ማለት ቀላል አይሆንም። ግን አንድ የዶክትሬት ተማሪን በኢንተርኔት ማማከር፣ የጥናት ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት ማረም፣ የላቦራቶሪ ጥራት ዕውቅና እንዴት እንደሚገኝ የምታውቁ ዕውቀታችሁን ማካፈል፣ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ መጻፍና ከሱም መጥቀስ፣ ይህ ሁሉ ቪዛም አውሮፕላንም አይጠይቅም። የእንዶድ የመጀመሪያ ዘገባ የወጣበት መጽሔት እኛው ካላነበብነው ማን ያነብልናል?

ከ60 ዓመት በፊት አድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩት እናቶች ስማቸው በየትኛውም ጥናት ላይ አልተጻፈም። የእነሱ የልጅ ልጆች ዛሬም በአገሪቱ ብዙ ቦታ ቢልሃርዚያ ያለበት ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። የሚቀጥለው አክሊሉ ለማ ምናልባት አሁን በአንዱ ዩኒቨርሲቲያችን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ይሆናል። ያየውን ነገር ለማረጋገጥ 25 ዓመት ደጅ እንዳይጠና ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።